መጫኛ ሠሪዋ

ጉና ሥር ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ስልክ ሲደወልልኝ ሐምሌ ገብቶ ነበር። የደወሉት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ለእናቴ የሚቀርብ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሴት።

«ያ ያመጣህልን ነገር እንቢ አለ» አሉኝ። «አዲስ ኮምፒውተር መጣልንና ከፍላሹ ገለበጥኩት። ስከፍተው ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል።»

«ያ ነገር» የሚሉት እኔ የጻፍኩትን ፕሮግራም ነው። በሽተኛው ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ሲናገር የካርድ ቁጥሩን ፈልጎ ያወጣል፤ ሌላ ሙያ የለውም። ከዚያ በፊት ቁጥሩን የረሳ ሰው አዲስ ካርድ ይወጣለትና የድሮ ሕመሙ ከድሮው ካርድ ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር። ፕሮግራሙን የወሰዱልኝ ጤና ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ጋ ግን በአካል ሄጄ በእጄ ነው የጫንኩት።

በስልክ ልረዳቸው ሞከርኩ። ሰውም ይጠብቃቸው ነበር፣ መስመሩም ይቆራረጥ ነበር፤ አልሆነም። በማግስቱ በሚኒባስ ጋሳይ ድረስ ሄጄ ከዚያ በእግሬ ተያያዝኩት። ጭቃው ጫማዬን እየነከሰ፣ ጉሙ የገብሱን ማሳ ከድንቹ እንዳልለይ እያደረገኝ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ወጣሁ። ስደርስ ከጉልበቴ በታች ደረቅ ነገር አልነበረኝም።

ችግሩን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፕሮግራሙ የሚሠራው ስምንት ፋይሎች አብረው ሲሆኑ ነው። እሳቸው የገለበጡት ለመክፈት የሚነኩትን፣ ሥዕል ያለበትን አንዱን ብቻ ነበር፤ ሰባቱ ፍላሹ ውስጥ ቀርተዋል። የአማርኛው ፊደልም ከቀሩት ውስጥ ነበር። ሁሉንም አስገባሁላቸውና ሠራ።

«ለዚች ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?» አሉ። ሹራባቸውን ወደ አንገታቸው እየሳቡ ቆዩና «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ። አንዱን ብቻ ማንሳቴ» አሉኝ።

ምንም አይደለም አልኳቸው። በልቤ ግን አዎ፣ የርስዎ ነው እያልኩ ነበር የወረድኩት።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ሱቅ ነበረችን። ሱቋን የምትጋራኝ ሴት ከኔ በአራት ዓመት ታንሳለች። በአንዱ ጠረጴዛ እኔ ጽሑፍ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬም ፕሮግራም እሠራለሁ። በሌላው እሷ ፕሪንተርና ኮምፒውተር ትጠግናለች። እሷም ፕሮግራም ትሠራ ነበር፤ ለትምህርት ቤቶች የመምህራንን ክፍለ ጊዜ የሚደለድል። ተወልዳ ያደገችው ሐሙሲት አጠገብ ከገበሬ ቤት ነው። የተበላሸ ነገር ስትፈታ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ትደረድራቸዋለች፤ ስትገጥም አንድም ቀን ብሎን ተርፏት አላየሁም። እኔ ስገጥም ሁሌም አንድ ሁለት ይተርፈኛል።

የጉናውን ጉዞዬን እንደ ቀልድ ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ስምንት መሆናቸውን ማን ነገራቸው?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ በምን ይወቁ?»

እሷም ከዚያ በላይ አልገፋችኝም፤ ወደ ፕሪንተሯ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ግን ቀና ሳትል «የኔውም እንደዚያው ነው» አለች። «ባለፈው ወር ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጥቼ ሦስት ቀን ሙሉ የጠፋ ፋይል ስፈልግላቸው ነበር። ፕሮግራም መጻፉን ተምረናል። ሰው እጅ ማድረሱን አልተማርንም።»

ፕሮግራምን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ፣ ሲነኩት ራሱ ሁሉንም በየቦታው የሚያስቀምጥ መጫኛ የሚሠሩ መሣሪያዎች በዓለም ላይ የሉም እያልኩ አይደለም። ሞልተዋል፤ በነጻ የሚገኙም አሉ። ሁለቱን ሞከርናቸው። አንደኛው ራሱን የቻለ የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ዝርዝር ጻፉልኝ ይላል፤ ያን ተምረን ጨርሰን ደግሞ አማርኛችንን ጥያቄ ምልክት በጥያቄ ምልክት አደረገው። ሁለተኛው የሚሠራው መጫኛ የጎደለውን ከኢንተርኔት ካላወረድኩ የሚል ነበር። ጉና ሥር ያለች የካርድ ክፍል ውስጥ ከየት ያወርዳል?

«እኔ አንድ ትንሽ ነገር ልሥራ» አለችኝ አንድ ጠዋት። «እንደኛ ብቻውን ለሚሠራ ሰው የሚሆን።»

«ይህ ትልልቅ ድርጅቶች የሚሠሩት ነው» አልኳት።

«ትልልቆቹ ድርጅቶች ከጋሳይ በእግራቸው አልወጡም» አለችና ደብተር አወጣች።

ወራት ፈጀባት። ደንበኛ ሳይመጣ በፊት ጠዋት ጠዋት ትሠራለች፤ መብራት ሲሄድ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። የገረመኝ ደብተሯ ላይ የምትጽፈው ነው። የፕሮግራም ትእዛዝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሳየው ግን ሰው ነው የሞላው። «ፍላሹን ሰካች። ምን ታያለች? የትኛውን ትነካለች? ብትሳሳት ምን ይሆናል? ስልክ የሚያነሳላት ቢጠፋስ?» እኔ ፕሮግራም ስጽፍ ኮምፒውተሩን ነው የማስበው። የጉናዋን ሴት በዓይኗ አላየቻቸውም፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ካየሁት በላይ ግን አይታቸዋለች።

በመጨረሻ የሠራችው መሣሪያ የፕሮግራሙን ሠሪ የሚጠይቀው አራት ነገር ብቻ ሆነ። የፕሮግራምህ ስም ማን ነው? ፋይሎቹ የትኛው ፎልደር ውስጥ ናቸው? የሚከፈተው የትኛው ነው? አብሮ የሚሄድ ፊደል አለ? አራቱን መልሰህ አንዱን ቁልፍ ስትነካ አንድ ፋይል ይሰጥሃል። ያን አንድ ፋይል ለፈለግኸው ሰው ትሰጣለህ። የኔን ካርድ ፈላጊ ስምንት ፋይሎች አንድ አድርጋ አሳየችኝ። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን እስከዛሬ አልሠራነውም ብዬ ላስብ ነበር፤ ግን ወራቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጫለሁ፣ ቀላል እንዳልነበር አውቃለሁ።

ከዚያ ሰው ላይ መሞከር ጀመረች። የመጀመሪያው ከጎናችን ያለው ልብስ ሰፊ ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችውና «ይህን ፕሮግራም ጫንልኝ» አለችው። እሷ ከኋላው ወንበር ስባ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከታ ተቀመጠች።

«እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ካልያዝኩት እረዳዋለሁ። እኔ በየቤቱ አብሬ አልሄድም።»

ልብስ ሰፊው «የት ልጫን?» የሚል ጥያቄ ሲመጣበት ቆመ። ዞር ብሎ አያት። እሷ ግድግዳውን ታያለች።

«እኔ ምን አውቄ የት እንደሚጫን?» አለ ለራሱ። «እኔ ሱሪ ስሰፋ ደንበኛዬን መርፌውን የት ልስካው ብዬ እጠይቃለሁ?»

እሷ አንገቷን ነቀነቀች፤ በማግስቱ ያ ጥያቄ ከፊት ጠፋ። መጫኛው ቦታውን ራሱ ይመርጣል። ሌላ ቦታ የሚፈልግ ካለ ከታች በኩል በትንሹ «ሌላ ቦታ» የሚል አስቀረችለት። ይህች ትንሽ ነገር ኋላ ብዙ አስከፍላናለች፤ ያኔ ግን ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ሁለተኛው የተሞከረባቸው ሰው የኔታ ናቸው። አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ የግእዝ ጽሑፋቸውን እኔ ስተይብላቸው እያረሙ ይመልሱልኛል። አንድ ፊደል አያልፋቸውም። ያን ቀን እርማታቸውን ጨርሰው ሊነሱ ሲሉ አንዴ ይህንን ይሞክሩልኝ ብላ ለመነቻቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አይጧን በሁለት ጣት ይዘው መስኮቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ማንም እንደዚያ አንብቦት አያውቅም።

«‹ሥራ› በንጉሡ ሠ ነው» አሉ። «አንቺ በእሳቱ ሰ ጽፈሽዋል።»

«አስተካክለዋለሁ፣ የኔታ።»

«ደግሞ ይህ ምንድን ነው? ‹ቀጥል› ይለኛል።»

«ሲነኩት ወደሚቀጥለው ያልፋል።»

«እሱ ገብቶኛል። አንተ እያለኝ ነው እኮ።»

ልስቅ ስል የሷን ፊት አየሁና ተውኩት። ፊቷ ቀልቶ ነበር። «የኔ ጥፋት ነው፣ የኔታ። እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

«አንቺ እኔን አንቱ ትያለሽ። ጽሑፍሽ ለምን አንተ ይለኛል?» ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ተማሪ እንደሚያርሙት ነው የተናገሩት። «ሰው የማያየውን ሰው የበለጠ ማክበር አለበት። ያን ጽሑፍ ማን እንደሚያነበው ታውቂያለሽ? አታውቂም።»

ከሄዱ በኋላ ብዙ ተከራከርን። እኔ «ቀጥል» ሁሉም የለመደው ነው፣ ስልኩም ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው አልኳት። እሷ ግን ደብተሯ ላይ «ቀጥል፣ ቀጥይ፣ ይቀጥሉ» ብላ ጽፋ አፍጥጣ ታያለች። «ይቀጥሉ ሲባል ወጣቱ አይከፋውም» አለች በመጨረሻ። «ቀጥል ሲባል ሽማግሌው ይከፋዋል፤ ሴቷ ደግሞ እሷን ያነጋገራት አይመስላትም። ለሁሉም የሚሆነው አንዱ ነው።» ያን ሳምንት ሙሉ ሌላ አልሠራችም፤ መጫኛው የሚናገረውን እያንዳንዱን ቃል ወደ አክብሮት መለሰችው። «ስህተት ተፈጥሯል» ይል የነበረውም «ይህ ፋይል አልተገኘም፤ ፕሮግራሙን የሰጠዎትን ሰው ይጠይቁ» ሆነ።

ካርድ ፈላጊዬን በዚህ መጫኛ ጠቅልዬ ወደ ጋሳይ በሚመላለስ ሾፌር እጅ ለጤና ጣቢያዋ ሴት ላኩላቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ደወሉ። «ገባ» አሉኝ። ምን እንዳደረጉ ስጠይቃቸው «ምንም። ይቀጥሉ አለኝ፣ ቀጠልኩ» አሉ። ስልኩን ዘግቼ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ያን ቀን ከሰዓት ስትሠራ ታንጎራጉር ነበር፤ ልማዷ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አንድ ሐሙስ ገበያ ቀን ሐሙሲት አብሬያት ሄድኩ፤ አባቷ እህል ይዘው ወጥተው ነበር። አጠገባቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ሰላምታ ከሰጡን በኋላ ወደ አባትየው ዞር አሉ።

«ልጅህ መጫኛ ትሠራለች አሉ። ጥሩ ሙያ ነው። የኔ በቅሎ መጫኛ በጥሷል፤ ጠፍሩ የበሬ ነው የምታደርገው?»

አባቷ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «የበቅሎ አይደለም። የኮምፒውተር ነው» አሏቸው።

«ኮምፒውተርም ይጫናል?»

«ይጫናል አሉ።»

«ምን ይጭኑታል?»

አባቷ እሷን አዩ። እሷም በትዕግሥት «ሰው በሌላ ቦታ ሆኖ የሠራውን ሥራ ነው የሚጭኑት፣ አባባ። እንዳይፈስ እንዳይጎድል አድርጎ የሚያስረው ነው የኔ መጫኛ» አለቻቸው።

ሽማግሌው አሰቡበት። «እንግዲያስ ያው ነው» አሉ።

መሣሪያውን እንደኛ ብቻቸውን ለሚሠሩ ሰዎች በነጻ መስጠት ጀመረች። አንዱ ወረታ ያለ ልጅ ነው፤ አንዷ ጎንደር፤ ሌሎቹ ባሕር ዳር። በስልክ ካልሆነ አብዛኞቹን አናውቃቸውም። ሁሉም አመሰገኑ። አንዱ «ከሠራሁት ፕሮግራም ይልቅ ሰው የወደደልኝ መጫኛውን ነው» ብሎ ጻፈላት።

ከዚያ የወረታው ልጅ ደወለ። ለአንድ ትምህርት ቤት የመማሪያ መጻሕፍት መመዝገቢያ ሠርቶ ነበር። አዲሱን ለማስገባት አሮጌውን ሲያወጣው፣ አብሮት የአንድ የጂኦግራፊ መምህር የዓመታት የትምህርት ማስታወሻና ፈተና የነበረበት ፎልደር ጠፍቷል።

«ቫይረስ ነው ብያቸዋለሁ» አለ ልጁ። «እነሱም አምነዋል፤ ፍላሹ ሁሉ ቫይረስ አይደል? ዝም ብዬ ልንገራችሁ ብዬ ነው።»

እሷ ስልኩን ዘግታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። አንድ ፎልደር ሠርታ የእናቷን ፎቶና ሁለት ደብዳቤ ከተተችበት። ፕሮግራሙን በመጫኛው አስገባችው፤ «ሌላ ቦታ» የሚለውን ነክታ ያንኑ ፎልደር መረጠች። ከዚያ አወጣችው። ፕሮግራሙ ወጣ። ፎልደሩም ከነፎቶው፣ ከነደብዳቤው ጠፋ። ማውጫው፣ ማለትም ፕሮግራሙን መልሶ የሚያወጣው የመጫኛው ክፍል፣ ፕሮግራሙ የገባበትን ፎልደር በሙሉ የኔ ነው ብሎ ያስብ ነበርና ጠራርጎ ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ምን እንደማደርግ ስለማውቅ፣ የመከርኳትም እሱኑ ነው። «አስተካክይውና ዝም በይ» አልኳት። «ቫይረስ ነው ብለው አምነዋል። አንቺንም አያውቁሽም። ማን ይጠይቅሻል?»

«መምህሩስ?»

«መምህሩ የሆነውን ሆኗል።»

አላኮረፈችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። ደብተሯን አወጣችና መሣሪያውን የሰጠቻቸውን ሰዎች ስም በተራ መጥራት ጀመረች፤ ለእያንዳንዳቸው ደወለች። የምትለው ለሁሉም አንድ ነበር። «የሠራሁት ነገር የሰው ፋይል ያጠፋል። ስህተቱ የኔ ነው። እስካስተካክለው ማንም ምንም እንዳያወጣ ለደንበኞቻችሁ ዛሬውኑ ንገሩ።» የጎንደሯ ሴት ተቆጥታ ብዙ ተናገረቻት። ሰማቻትና «ልክ ነሽ» አለቻት። ከሰዓት በኋላው ሁሉ በዚህ አለቀ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄድን። እኔ የሄድኩት ብቻዋን እንዳትሆን ነው እንጂ ያኔም አልተስማማሁም ነበር። መምህሩ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የቆለፉ ሰው ናቸው። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተቀምጠው አገኘናቸው። ርእሰ መምህሩም ነበሩ።

«ስለ ጠፋብዎት ፋይል ነው የመጣሁት» አለቻቸው። «ቫይረስ አይደለም። ፕሮግራሙን የሚያስገባውንና የሚያወጣውን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ። አሠራሬ ላይ ስህተት ነበረበት፤ የርስዎን ፋይል ያጠፋው እሱ ነው።»

ርእሰ መምህሩ እኔን አዩ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። መምህሩ ግን ዓይናቸውን ከሷ አላነሱም።

«ስንት ዓመት የሠራሁበት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ይንገሩኝ።»

ነገሯት። የትኛውን ካርታ ከየት እንደሳሉ፣ የጣናን ተፋሰስ ለማሳየት የትኛውን ክፍል ይዘው የት ድረስ በእግር እንደወጡ፣ ለየዓመቱ የተለየ ፈተና እንደሚያወጡ። እሷ ቆማ ሰማች። ሲጨርሱ «ኮምፒውተሩን አሁን አጥፍተን ልውሰደው፤ በላዩ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ብዙው ይመለሳል» አለቻቸው። «የማይመለሰውን ከደብተርዎ እኔ እተይበዋለሁ።»

ሦስት ቀን በላዩ ተቀምጣ አብዛኛውን መለሰችው። ያልተመለሰው የአንድ ክፍል ማስታወሻ በሙሉና ከፈተናዎቹ ገሚሱ ነበር። መምህሩ በየቀኑ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ወጥተው የእጅ ጽሑፍ ደብተራቸውን ይዘው ሱቃችን ይመጣሉ። እሳቸው ያነባሉ፤ እሷ ትተይባለች። እሷን ደንበኛ ሲይዛት እኔ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከማንበብ በቀር ቃል አይወጣቸውም ነበር። በኋላ ግን ማንበባቸውን እያቋረጡ ማስተማር ጀመሩ፤ ጉና ላይ የዘነበ ውኃ በየት በየት ዞሮ ጣና እንደሚገባ እኔ ደብረ ታቦር ኖሬ ከሳቸው ነው የሰማሁት። ልብስ ሰፊው ሥራ ሲቀለው በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

ሁለት ሳምንት ያህል ሆኖ የመጨረሻውን ገጽ ሲዘጉ፣ መምህሩ ደብተራቸውን በፌስታል እየጠቀለሉ «እኔ ስንት ዘመን አስተማርኩ» አሉ። «ሰሌዳ ላይ የተሳሳትኩትን ተማሪ ሳያይ አጥፍቼ የጻፍኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ተሳስቻለሁ ብዬ ዞሬ የተናገርኩበት ግን ትዝ አይለኝም።» ከዚያ እጇን ጨብጠዋት ሄዱ።

እኔ ያን ዕለት ቤቴ ስገባ ያሰብኩት ጉና ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» ያሉኝን ሴት ነው። እሳቸው የሌለባቸውን ጥፋት ወስደው፣ እኔ የኔን አሸክሜያቸው ነበር የወረድኩት። ደወልኩላቸውና ነገርኳቸው። ምን እያልኩ እንደሆነ በደንብ የገባቸው አልመሰለኝም፤ «ተወው ባክህ፣ አሁን እየሠራ ነው» አሉኝ። እኔ ግን ቀለለኝ።

ማውጫውን እንደ አዲስ ነው የሠራችው። አሁን መጫኛው ፕሮግራሙን ሲያስገባ ያስቀመጠውን እያንዳንዱን ፋይል ስሙን ይመዘግባል፤ ሲያወጣም ያስገባውን ብቻ ቆጥሮ ያወጣል። የሰው ፎልደር ውስጥ ሌላ ነገር ካገኘ ሳይነካ ይተወዋል። እኔ አንዴ አይታ እንድታልፈው ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን የእናቷን ፎቶ ደጋግማ እየከተተች በየዓይነቱ ሞከረችው። ከዚያ በኋላ ለሁሉም መልሳ ላከችላቸው። የጎንደሯ ሴት ለረጅም ጊዜ አልመለሰችላትም፤ በመጨረሻ «ወስጃለሁ» የሚል አንድ ቃል ላከች። የወረታው ልጅ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ ቫይረስ ነው ማለቱን ይቅርታ እንደጠየቀ የሰማሁት ከሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እኛ ወደማናውቃቸው ሰዎች እጅ ደርሷል። አንድ ቀን ከባሕር ዳር አንድ ሰው መጣ፤ ለፋርማሲዎች ፕሮግራም የሚሠራ፣ ጥሩ ጃኬት የለበሰ። ቢሮ ጠብቆ ኖሮ በራችን ላይ ቆሞ የሱቋን ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አነበበው። እሷ ያን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ሽቦ እየቀየረች ነበር፤ ከዚያው ሆና ነው ሰላም ያለችው።

ሰውየው በስልኩ የጻፈው ረጅም ዝርዝር ነበረው። መጫኛው ሙዚቃ ቢኖረው፤ የሚሽከረከር ሥዕል ቢኖረው፤ ሠሪው ቀለሙን መምረጥ ቢችል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉንም አነበበላት። ሁሉንም ጻፈችለት። ስትጨርስ «አንድ ልጠይቅህ» አለችው። «ከነዚህ ውስጥ ደንበኛ አልቅሶ የጠየቀህ የትኛው ነው?»

«አልቅሶ እንኳ …» አለና ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። «ባለፈው ስጭን መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ግማሹ ገብቷል፣ ግማሹ የለም፤ እንደገና አልገባም፣ አልወጣም አለኝ። ባለፋርማሲዋ ሰው ቆሞባት ነበር።»

«እሱን እሠራለሁ» አለችው። «ሌላውን ግን አልሠራም። ቅር አይበልህ።»

ሰውየው ቅር አለው እንጂ። ግን ሻይ ጠጥቶ፣ መሣሪያው ውስጥ እንዴት እንደተሠራ ብዙ ጠይቆ፣ የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠው ሄደ።

እሷ ሦስት ሳምንት ሠራችበት። የጨረሰች ዕለት ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ደንበኛ አልነበረም። ባትሪ የሌለውን አሮጌውን የጠረጴዛ ኮምፒውተር አስነሳችና እኔን ሶኬቱ አጠገብ አስቀመጠችኝ።

«በፈለግኸው ጊዜ ንቀለው» አለችኝ። «እንዳትነግረኝ።»

መጫኑን ስትጀምር ቆጥሬ ነቀልኩት። ስክሪኑ ጠፋ። መልሼ ሰካሁት፤ ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ መጫኛው በግማሽ የገባውን ራሱ አጽድቶ እንደገና ከመጀመሪያው ገባ። መጀመሪያ ላይ ስነቅለው፣ መሃል ላይ ስነቅለው፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ስነቅለው አየችው። አንድ ቦታ ላይ ተሳሳተ፤ ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ አስተካከለች፣ «እንደገና» አለች። ልብስ ሰፊው ከበሩ ሆኖ ያን አሮጌ ኮምፒውተር ልንገድለው እንደሆነ ነገረን።

«እንደገና» አለች። ነቀልኩት።